ከድሬ ወደ ሐረርና ዳካታ ከውሻ ጋር፦ ሌሊት ውሻው የት ይደር?

የከዚራው (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኅዳር ውስጥ ሦስት ሌሊት የሚፈጅ ጉዞ አስበናል። ከድሬዳዋ ተነስተን በደንገጎ፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርገን ሐረር እንገባለን። አንዱን ሌሊት ጀጎል ውስጥ ጓደኛዬ ቤት፣ ሁለቱን ደግሞ ከባቢሌ አለፍ ብሎ ዳካታ ሸለቆ፣ እነዚያ ተደራርበው የቆሙት ድንጋዮች ያሉበት፣ ድንኳን ተክለን ለማደር ነው። ሁለት ሰው ነን። መኪናው ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ ኤርኮንዲሽነር የለውም፣ የኋላው ወንበርም ቀበቶ የለውም።

ሦስተኛው መንገደኛ ቦቢ ነው። የጀርመን ሼፐርድ ዲቃላ፣ 3 ዓመቱ፣ 26 ኪሎ ይመዝናል። መኪና የሚያውቀው ለክትባት ሲሄድ ብቻ ነው፤ ያኔም ያስመልሰዋል። የእብድ ውሻ ክትባት ከወሰደ 14 ወር ሆኖታል።

ቤት ውስጥ ሌሊቱን ግቢ ታስሮ ነው የሚያድረው። ዳካታም ከድንኳኑ አጠገብ ዛፍ ላይ ላስረው ነው ሐሳቤ፤ ይሆናል? ጓደኛዬ ሐረሪ ነው፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ በስልክ «ይዘኸው ና» ብሎኛል። ማታ የጅብ ማብላቱንም ማየት እንፈልጋለን፤ ያን ጊዜ ቦቢን እዚያው መኪና ውስጥ ትተነው ብንወርድስ? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን።


የደንገጎ ሹፌር

ስለ ጅቡ ሌሎች ይመልሱልሃል፤ በአጭሩ ሦስቱም ሐሳብህ አይሆንም። እኔ ስለ መንገዱና ስለ መኪናው ልበል።

ድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ነገር ግን ችግሩ ሁሉ ያለው ከድሬ እስከ ደንገጎ ነው። ከ1,200 ሜትር ከፍታ ተነስተህ ከ2,000 በላይ የምትወጣው በዚያች አጭር መንገድ፣ ያውም ጠመዝማዛ በጠመዝማዛ ሆና ነው። መኪና ያልለመደ ውሻ የሚያስመልሰው እዚያ ነው። ስለዚህ ማታ 1 ሰዓት ላይ ራቱን ብላ ብለህ ስጠው፣ ጠዋት ምንም አታብላው፤ ውሃ ግን ጥቂት ጥቂት እያልክ እስክትነሱ ድረስ ይጠጣ። ሆዱ ባዶ ከሆነ ቢያስመልሰው እንኳ አረፋ ነው። ምግቡን ሐረር ከገባችሁ በኋላ አንድ ሰዓት አርፎ ይበላል።

ከዚያ በፊት ማለማመድ አለብህ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ክፍት ሆኖ መኪና ውስጥ ገብቶ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፤ ቁራሽ ስጋ ስጠው። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ካደረግክ ሞተሩን አስነሳና ሳትንቀሳቀስ ድገመው። ቀጥሎ ከዚራን አንድ ዙር፣ ቀጥሎ እስከ ሳቢያን፣ መጨረሻ ላይ የደንገጎን መንገድ ጥቂት ወጣ ብሎ መመለስ። ለሁሉም ሁለት ሳምንት ይበቃል። መኪና ማለት መርፌ ነው ብሎ የሚያስበው ውሻህ የሚያስመልሰው ግማሹ ከፍርሃት ነው።

ቀበቶ ስለሌለው ወንበር፦ ውሻን በአንገቱ ማሰሪያ መኪና ውስጥ አታስረው፤ ድንገት ፍሬን ስትይዝ አንገቱን ነው የምትሰብረው። ደረቱንና ትከሻውን የሚይዝ ጥልፍልፍ ማሰሪያ ግዛለት፤ ካጣህ ጫማ ሰፊ ዘንድ ከሰፊ ጠፍር ያሠሩታል። ከዚያ የዕቃ ማሰሪያ ጠፍር ወስደህ የፊት ወንበሩ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረበት ብረት ላይ አዙረህ እሰር። ከብረቱ እስከ ማሰሪያው ያለው ርዝመት ተኝቶ የሚነሳበት ብቻ ይሁን፤ ግማሽ ሜትር አካባቢ ይበቃል። ውሻው ማርሹን ወደያዘው እጅህ ከደረሰ ገመዱ ረዝሟል ማለት ነው። የናይለን ገመድ አትጠቀም፣ ቋጠሮው ይፈታል፣ ሲጎተትም ቆዳ ይልጣል። ከኋላ ወንበሩ ፊት ያለውን የእግር ማስገቢያ ክፍተት በሻንጣና በብርድ ልብስ ሙላው፤ ባዶ ከሆነ ኩርባ ላይ ውሻው እዚያ ወድቆ ትከሻው ይወልቃል። ላዩን ሸራ፣ ከሸራው በላይ አሮጌ ብርድ ልብስ። ሸራው ብቻውን ያንሸራትተዋል።

መስኮቱን አራት ጣት ያህል ክፈት። ጭንቅላቱን አውጥቶ መሄድ ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ በዚያ መንገድ ዓይኑ ውስጥ ጠጠር ይገባል፤ የጫት አይሱዙዎቹ ደግሞ ኩርባ ላይ ሲመጡ መስታወታቸው ጎንህን ነው የሚልሰው።

ለዲኤክሱ፦ ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ውሃና ቺንጋውን እይ። ዳገቱ ላይ የሙቀቱ መለኪያ ሲወጣ ብዙ ሰው ማሞቂያውን ከፍቶ ሞተሩን ያበርዳል፤ ትክክለኛ ዘዴ ነው፣ ግን የዚያ ሙቀት መጨረሻ ከኋላህ ያለው ውሻ ነው። ከእሱ ጋር ስትሆን ዳር ይዘህ ቁም፣ ኮፈኑን ክፈት፣ ይብረድ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል። ደንገጎ ላይ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ያንሸራሽሩት። ሕጉ አንድ ነው፤ ገመዱ እጅህ ላይ ሳይጠመጠም በር አይከፈትም።

አወዳይ ላይ አትቁም። ሰው፣ መኪናና ገራባ (የጫት ትራፊ) ነው። ስትመለሱ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፤ በፎሌ ከለቀቅክ ፍሬኑ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ይቃጠላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉዞው ወደ ታኅሣሥ ከተገፋ ከ17 እስከ 20 ያለውን ተወው። የቁልቢ ገብርኤል ምዕመን በእግርም በመኪናም ያንኑ የደንገጎ ዳገት ነው የሚይዘው።


ሐኪም ዘሐረማያ

የሹፌሩ ምክር ደህና ነው። እኔ ከጤናው ልጀምር።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እኛ ዘንድ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፤ 14 ወር ከሆነው አልፎበታል። ደግነቱ ከዚህ በፊት የተከተበ ውሻ ሲደገምለት ሰውነቱ በቶሎ ይመልሳል፤ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ አስወጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ 4 ሳምንት ጠብቅ እልህ ነበር። የክትባት ወረቀቱን መኪና ውስጥ ያዝ። ቦቢ ሰው ቢነክስ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሱን ነው፤ ከዚያም ውሻው ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል። ቦቢን ሌላ ውሻ ወይም የዱር አውሬ ቢነክሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ ከዚያ የተከተበም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ክትባቱ ይደገምለት። አጣቢው እጁ ላይ ቁስል ካለው ጓንት ያድርግ፤ ለሃጩ ከነካው እሱም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ሙቀት። ኅዳር ለድሬ ደህና ወር ነው፤ ቢሆንም ኤርኮንዲሽነር የሌለው መኪና ቆሞ ሲውል የውጭው ሙቀት 25 ዲግሪ እያለ ውስጡ በ10 ደቂቃ 11 ዲግሪ ገደማ፣ በግማሽ ሰዓት 20 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። መስኮት ትንሽ መክፈት ብዙም አይለውጠውም። ምሳ ልንበላ ነው ብላችሁ ትታችሁት የምትገቡ ከሆነ ጉዞውን አትጀምሩት። አንዳችሁ ከእሱ ጋር ውጭ ይቀመጥ።

የውሻ ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ነው። ምላሱ ረዝሞ ጠቁሮ ከቀላ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ቴርሞሜትር ጫፉን ቫዝሊን ቀብተህ በፊንጢጣው ለካ። ከ40.5 በላይ ከሆነ ጥላ ውስጥ አስገብተህ ተራ የጀሪካን ውሃ ሆዱ፣ ብብቱና መዳፉ ላይ አፍስስ፣ በካርቶን አራግብ። በረዶ አይደረግም። ርጥብ ፎጣ ሸፍኖ መተውም አይሆንም፤ ፎጣው ራሱ ይሞቅና ሙቀቱን ያፍነዋል። 39.5 ሲደርስ አቁም፤ ከዚያ በላይ ከቀጠልክ ደግሞ ይበርዳል። አገግሞ ቢነሳ እንኳ ሐኪም ይየው፤ ኩላሊት የሚጎዳው ዘግይቶ ነው።

አስፋልቱንም አትርሱ። የእጅህን ጀርባ 7 ሰከንድ አስፋልቱ ላይ ማቆየት ካልቻልክ ቦቢም አይራመድበትም።

ለማስመለሱ ባዶ ሆድና ልምምድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ዳይመንሃይድሪኔት የተባለው የሰው መድኃኒት ለውሻ በኪሎ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ለ26 ኪሎ ባለ 50 ሚሊ ግራሙ ሁለት ፍሬ፣ ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት። የሚጥል በሽታ ካለው አይወስድም። የሚከትብህን ሐኪም ጠይቀህ፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሞክረው፤ አብዛኛውን ውሻ ያስተኛል። ከዚህ ውጭ ከሰው መድኃኒት ሳጥን ምንም አታንሳ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል፣ ሦስቱም ውሻ ይገድላሉ። «እግሩን አመመው» ተብሎ ዳይክሎፌናክ የተወጋ ውሻ ጨጓራው ደምቶ ነው የሚመጣው።

መዥገር ዳካታ ሣር ውስጥ ሞልቷል፤ ግመልና ከብት የሚሄድበት ቦታ ነው። ከሳምንት በፊት ለውሻ የተሠራ የመዥገር መድኃኒት አድርግለት። ለከብት የሚረጨውን በግምት በጥብጦ ማጠብ ይቅር። አይቨርሜክቲንን ደግሞ «ሁሉን ይገድላል» ብሎ የሚወጋ አለ፤ የእረኛ ውሻ ዘር ያለባቸው አንዳንዶቹ አይችሉትም፣ ቦቢ ደግሞ ዲቃላ ነው፣ ምን እንዳለበት አይታወቅም። በየማታው ከጆሮው ሥር፣ ከብብቱ፣ ከጣቶቹ መሀል ፈልጉ። ያገኛችሁትን በወረንጦ ቆዳው ድረስ ጠጋ ብሎ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ላምባ መቀባት መዥገሩ ውስጡ ያለውን ወደ ደሙ እንዲተፋ ነው የሚያደርገው። ከተመለሳችሁ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ምግብ እምቢ ካለ፣ ድዱ ከነጣ ወይም አፍንጫው ከደማ ደሙ ይታይ።

ሹፌሩ ገራባ ያለውን እኔም ላጥብቀው። ፍየል ይበላዋል ብለህ አትዘናጋ። ውሻ ገራባ ከዋጠ ልቡ ይሮጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱ ይወጣል። በየከተማው ደግሞ ባለቤት የሌለውን ውሻ ለመቀነስ መርዝ የተቀባ ስጋ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ከመሬት ምንም እንዳያነሳ፣ የሚያነሳ ዓይነት ከሆነ የአፍ ማሰሪያ ይደረግለት፤ አፉን ከፍቶ ማለክለክ የሚያስችለው የቅርጫት ዓይነቱ እንጂ ጥብቅ የጨርቁ አይደለም።


የጀጎል ልጅ

ወንድሜ፣ ጓደኛህ «ይዘኸው ና» ያለው አንተን ስለሚወድ ነው። ሐረሪ እንግዳን እምቢ አይልም። ጥያቄው እናቱ ምን ይላሉ ነው፤ እሳቸውም ፊትህ ላይ አይናገሩም። ስለዚህ ለጓደኛህ ደውልና መልሱን ቀላል አድርግለት፦ «ውሻው ቤት እንዲገባ አልፈልግም፣ ከጀጎል ውጭ የማሳድርበት ግቢ ታውቃለህ?» በለው። ያኔ በደስታ ይፈልግልሃል።

ምክንያቱን ካላወቅክ፦ እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው የእስልምናን ሕግ በሻፊዒ መዝሀብ ነው የሚከተለው። በሻፊዒ የውሻ ለሃጭና ርጥበት ነጃሳ (ርኩስ) ነው፤ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ደረቅ ውሻ ደረቅ ልብስ ቢነካ ምንም የለም፤ ጣጣው ሲልስህና ሲረጥብ ነው። ውሻ መጥላት እንዳይመስልህ፤ ገጠር ውስጥ ከብትና ማሳ የሚጠብቅ ውሻ ያለው ሰው ብዙ ነው። ቤት ውስጥ ግን መላእክት አይገቡም ይባላል። የሐረሪ ቤት ደግሞ ስትገባ ነደባው (መደቡ) ላይ ነው የምትቀመጠው፣ ምንጣፍ ተነጥፎበት፤ የሚሰገድበትም፣ የሚበላበትም፣ እንግዳ የሚተኛበትም እዚያው ነው። ከቦቢ ጋር ሦስት ሰዓት መኪና ውስጥ የተቀመጥክበትን ሱሪ አድርገህ እዚያ ላይ አትወጣም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ንጹሕ ልብስ በፌስታል አሽጋችሁ ያዙ፤ ፀጉሩ እንዳይነካው ከሌላው ሻንጣ ለይታችሁ። ቦቢን ካስቀመጣችሁ በኋላ እጅና ፊታችሁን ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ፣ ከዚያ ጀጎል ግቡ። የውሻውን ሳህን ቤት ውስጥ «ላጥበው» ብለህ እንዳትጠይቅ። እናትየውን በእጅህ ስትጨብጥ ውሻ የላሰው እጅ መሆን የለበትም፤ ይህን ቢያውቁ ምንም አይሉህም፣ አንተ ግን ማወቅ አለብህ።

በቀን ጀጎልን እያሳየሁት ልዙር ካልክም አልመክርህም። ግንቡ ውስጥ 82 መስጊድ አለ፤ በየትኛውም ጠባብ መንገድ ብትገባ አንዱ ደጃፍ ላይ ነህ። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ ነው፤ ውዱእ አድርጎ (ታጥቦ) ለሶላት የሚሄድ ሰው ርጥብ አፍንጫ ሳይነካው የሚያልፍበት ቦታ የለም። ልጆች ደግሞ ወይ ይሸሻሉ ወይ ድንጋይ ያነሳሉ። ከግንቡ ውጭ፣ ጠዋት በማለዳ፣ በአጭር ገመድ ይንሸራሸር። አንዳችሁ ስትገቡ አንዳችሁ ከእሱ ጋር ሁኑ፣ በተራ።

ወደ ጅቡ ስመጣ፦ ማብያው ቦታ ላይ ውሻ መኪና ውስጥ መተው የሚባል ነገር አቦ ተወው! ጅቦቹ መኪናውን ይከብቡታል፣ ቦቢ ውስጥ ሆኖ ራሱን ይገድላል፣ በሩን ይቧጭራል፣ መስታወት ይሰብራል። ጅቦቹም በጩኸቱ ይርቁና የሌላውን ሰው ማታ ታበላሻለህ። ማታ 1 ሰዓት ገደማ ነው የሚጀመረው፤ ቦቢን ግቢ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ዘግታችሁ ኑ። የጅብ ሽታ ልብሳችሁ ላይ ይኖራል፤ ስትመለሱ ቢያጉረመርም አትደነቁ።

ሌላው ከተማ ሰው የማይገባው ነገር አለ። የሐረር ጅብ ከከተማ ውጭ የሚጠብቅ አውሬ አይደለም፤ በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ በየመንገዱ ይዞራል። ሰው አይነካም፣ እኛም አንነካውም፤ በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። ውሻ ግን ምግቡ ነው። ስለዚህ «ግቢ» ስልህ ከሰው ቁመት በላይ የግንብ አጥር ያለው፣ የብረት በሩ ከሥሩ ክፍተት የሌለው፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ በር የሚዘጋ ክፍል ወይም መጋዘን ማለቴ ነው። የቁልቋል አጥር አጥር አይባልም።


የከዚራው (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ማሰሩን ትቼዋለሁ፤ ሐረርም እንዳላችሁት ግቢ እንፈልጋለን። ዳካታስ? አብሮን ድንኳን ውስጥ ይተኛ ወይስ መኪና ውስጥ? ድንኳኑ ባለ ሦስት ሰው ነው።


ባቢሌ ማዶ

መኪና ውስጥ። የታሰረ ውሻ ለጅብ የቀረበ ራት ነው፤ ሊሮጥ አይችልም፣ ሲጮኽም ይጠራዋል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ውሻው ሽታ ሲሰማው ጨርቁን ቀድዶ ይወጣል ወይም እላያችሁ ላይ ይራወጣል። የናይለን ጨርቅ ማንንም አያቆምም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናውን ከድንኳኑ ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ አርቀህ አቁም፣ ቦቢ እናንተን እንዲያሸትና ድምፃችሁን እንዲሰማ። በድንኳኑ በኩል ያሉትን ሁለት መስኮቶች አራት ጣት ክፈት፤ ክፍተቱ ላይ የወንፊት ሽቦ በውስጥ በኩል በፕላስተር ለጥፍ። ውስጥ ምግብ አይኑር፣ የአጥንት ፍርፋሪ እንኳ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሽንቱን ሸንቶ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ በር አይከፈትም፣ ቢያለቅስም። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሙቀት አያሳስብም። ጠዋት ግን ፀሐይ እንደወጣች አውጡት፤ መኪናውን ስታቆም ጎህ የሚቀድበትን አቅጣጫ አይተህ ከምሥራቅ በኩል ድንጋይ ወይም ግራር እንዲጋርደው አድርግ። ፀሐይ ወጥታ ሰው ሳይነሳ የሚሞተው ውሻ እኮ ጅብ ከሚበላው አያንስም።

ቦታ ስለመምረጥ፦ አሸዋው ጥሩ መኝታ ይመስላል፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ግን ድንኳን አይተከልም። ድሬ ለሚኖር ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም፤ በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ፤ ከተማው ላይ ያልዘነበ ዝናብ ነው ያን ሁሉ ሰው የወሰደው። ተደራርበው ከቆሙት ድንጋዮች ሥርም አትተኙ፤ እዚያ ጊንጥና እፉኝት ይውላል። ከድንጋዩ ሃያ ሠላሳ ሜትር ራቅ ያለ፣ ሣሩ አጭር የሆነ ሜዳ ይሻላል።

ከመትከላችሁ በፊት ባቢሌ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ተመዝገቡ፣ ከዚያ የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቁ። ወቅታዊውን ሁኔታ እነሱ ናቸው የሚያውቁት፤ «ዛሬ እዚህ አትደሩ» ካሏችሁ ባቢሌ ከተማ ግቢ ያለው ማረፊያ ያዙ፣ ቀን ቀን ወደ ሸለቆው ሂዱ። ከተፈቀደ ከአካባቢው ሰው አንድ የሌሊት ጠባቂ ቅጠሩ፣ ዋጋውን በሽማግሌው ፊት ተነጋገሩ። መንገዱ ዳር ከመኪና የሚታይ ቦታ አትትከሉ።

የባቢሌ ዝሆን መጠለያ በዚያው አካባቢ ነው፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለለ። ቦቢን ይዛችሁ ወደ ኤረርና ጎበሌ ሸለቆ እንዳትገቡ። ውሻ ዝሆን ላይ ይጮኻል፣ ዝሆኑ ሲያባርረው ሮጦ የሚመጣው ወደ ጌታው ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከውሻ ወደ ዱር እንስሳ የሚተላለፈው በሽታ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ የፈጃቸው ከቤት ውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ቀን ላይ የሚያሰጋው ዝንጀሮ ነው። ቦቢ መንጋ ካየ ያባርራል፤ ወንዶቹ ዞረው ከያዙት ጥርሳቸው ከእሱ ይረዝማል። አምስት ሜትር ገመድ ይበቃዋል፣ አይለቀቅ። ግመል መንጋ ሲመጣ ከመንገድ ወርዳችሁ ተቀመጡ፣ ቦቢን በእግራችሁ መሀል ያዙ። ውሻው ያስደነበረው ግመል እግሩን ቢሰብር ካሳው የእናንተ ነው፣ ግመል ደግሞ ርካሽ አይደለም።

በለስ ያለበት ቦታ አፍንጫውን ካስገባ ያቺ ፀጉር የምታህል እሾህ ከንፈሩና ምላሱ ላይ ትሰካለች። በጣት አታሹት፣ የባሰ ትገባለች። ባትሪ አብርታችሁ በወረንጦ አንድ በአንድ። የቅንጭብ ወተት ዓይኑ ከገባ ሳትቆሙ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ሐኪም።


የደንገጎ ሹፌር

ባቢሌ ማዶ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። መኪና ለምዶ የማያውቅ ውሻ፣ ያውም ብቻውን፣ ጅብ እየጮኸ ሌሊቱን ሙሉ ዲኤክስ ውስጥ? የወንበሩን ስፖንጅ ነው የሚበላው። አንዱ ሰው አብሮት መኪና ውስጥ ቢተኛስ?


ባቢሌ ማዶ

ይሻላል፣ አልክድም። የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ አጋድሞ አንድ ሰው ይተኛ፣ ቦቢ ከኋላ። ሁለት ሌሊት ስለሆነ በተራ ተኙ።


ሐኪም ዘሐረማያ

እኔም ከሹፌሩ ጋር ነኝ፤ ሰው ካለበት ሙቀቱንም ያውቃል። ሰውና ውሻ ከተኙበት ግን ሁለቱም መስኮት ክፍት መሆን አለበት፣ ሰው «ብርድ ነው» ብሎ እንዳይዘጋው። ለወባም ሆነ በ2011 መጨረሻ ድሬን ላመሳት የቺኩንጉንያ ትንኝ ያ ወንፊት ይጠቅማችኋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። የከሰል ምድጃ ከመኪናም ከድንኳንም ውስጥ አይገባም፣ የጠፋ ቢመስልም። በጭሱ ሳይሆን ሽታ በሌለው ጋዙ ነው የሚገድለው።


የከዚራው (ጠያቂ)

ተስማምተናል፣ በተራ እንተኛለን። የቀረኝ ምግብና ውሃ ነው፤ ምን ያህል እንያዝ? ማቀዝቀዣ የለንም። እና ገመዱን በጥሶ ቢጠፋስ?


ሐኪም ዘሐረማያ

ውሃ፦ 26 ኪሎ ውሻ በተራ ቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይጠጣል፤ በመንገድና በሙቀት እጥፉን አስብ። ለሦስት ቀን ለእሱ ብቻ 10 ሊትር፣ ለማጠቢያና ለሙቀት አደጋ ሌላ 10። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የእሱ ይሁን ማለት ነው። ጋዝ ያለው የጠርሙስ ውሃ አይሆንም፣ ሆዱን ይነፋዋል። ሐረማያ ሐይቅ ዳር ብትቆሙም ከዚያ አይጠጣ፤ የጫት ማሳ መድኃኒት ታጥቦ ይገባበታል፣ አልቅትም አለ።

ምግብ፦ ደረቁን የውሻ ምግብ የለመደ ከሆነ በቀን 300 ግራም አካባቢ፣ በሁለት ተከፍሎ፤ ለጉዞ ከሱ የሚሻል የለም፣ አይሸትም፣ አይበላሽም። ሩዝና ስጋ ከሆነ የለመደው ግን መንገድ ላይ ድንገት አትቀይርበት፣ ተቅማጥ ያመጣል። ሩዙን በየቀኑ ቀቅሉ፤ ስጋውን ሐረር ወይም ባቢሌ ከሥጋ ቤት በዕለቱ ግዙ። የግመል ስጋ ስቡ ትንሽ ነው፣ ይስማማዋል። እናንተ ከምትበሉት ወጥ አይቅመስ፤ በርበሬው አይደለም ችግሩ፣ ሽንኩርቱ ነው፣ የውሻን ቀይ ደም ሴል ያፈርሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንዲሁ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።


ባቢሌ ማዶ

የተረፈውን አጥንት ቅበሩት እንዳትሉ፤ ጅብ ቆፍሮ ያወጣዋል፣ በማግስቱም ይመለሳል። በድርብ ፌስታል አስራችሁ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ፣ ባልዲው ፖርቶመጋላ ላይ ሳይሆን የኋላ ኮፈን ውስጥ። የቦቢን ሳህን ከበላ በኋላ ወዲያው እጠቡ፣ ውሃውን ከድንኳኑ ሠላሳ እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ ድፉ።

ቢጠፋ፦ ስልክ ቁጥርህን አንገቱ ማሰሪያ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፍ፤ የተንጠለጠለ ነገር እሾህ ይይዘዋል። ቀን ከሆነ አትሩጡበት፣ ጨዋታ ይመስለዋል ወይም ይርቃል። አንዱ ካለበት ቦታ ሳይነቃነቅ ይቁም፤ መኪናው ይቁም፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ የለበስከው ጃኬት መሬት ላይ ይነጠፍ። ሌላው የሸለቆውን እረኞች ያናግር፤ ካንተ በፊት ያዩታል። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ካልተገኘ ሽማግሌውን አሳውቁና ሰው አስወጡ፤ ከመሸ በኋላ በባትሪ ብቻችሁን ሸለቆ ውስጥ አትግቡ።


የጀጎል ልጅ

ጓደኛህ ግቢ ካጣልህ እዚሁ ጻፍ፣ ከግንቡ ውጭ እናፈላልጋለን። ዓርብ ላይ ሐረር የምትገቡ ከሆነ ከጁምዓ በፊት ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ ግቡ፤ በዚያ መሀል ፈረስ መጋላ አካባቢ መኪና ማቆሚያ አታገኝም፣ ቦቢም መኪና ውስጥ ነው የሚቀቀለው።